ግራ ቀኙን ማንበብ

ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ለጮኸ ሰው የሚመለስለት የራሱ ድምፅ ነው። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ካስ ሰንስታይን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት «ሪፐብሊክ ዶት ኮም» በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ኢንተርኔት ዜጎችን ይህን የመሰለ የገደል ማሚቶ ውስጥ እንዳይከታቸው አስጠንቅቀው ነበር። በኋላ የመጡት ፌስቡክና ዩቲዩብ አንባቢው የወደደውን እያጠኑ ያንኑ ደግመው ያቀርቡለታል።

መዘዙን በአገራችን አይተነዋል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት መጀመሪያ፣ ጥቅምት 30 ቀን በማይካድራ፣ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ በአክሱም ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገደሉ። ለማይካድራ አልቅሶ አክሱምን «ፈጠራ ነው» ያለ ነበር፤ ለአክሱም አልቅሶ ማይካድራን የካደም አልጠፋም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጣምራ ምርመራ ሪፖርት ግን በማይካድራ ከ200 በላይ፣ በአክሱም ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን መዝግበዋል። የአንዱን ወገን ብቻ ያነበበ ሰው የወገኖቹን ግማሽ ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቷል።

ታዲያ የተቃራኒውን ወገን ገጽ መከታተል ብቻውን ይበቃል? አይመስለኝም። ክሪስቶፈር ቤይልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ አሜሪካውያን የትዊተር ተጠቃሚዎች ለአንድ ወር የተቃራኒ ወገን መልእክት እንዲያዩ ተደርጎ፣ ሪፐብሊካኖቹ በቀድሞ አቋማቸው ይብሱን ጠንክረው ተገኝተዋል። ዋናው ነገር አነባበቡ ነው።

እኔ የምከተለው የችሎትን ሥርዓት ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር ዳኛው የከሳሹን ክስና የተከሳሹን መልስ መርምሮ፣ ግራ ቀኙ የተማመኑበትን ይለያል፤ የተካካዱበትን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል፤ ማስረጃ የሚሰማውም በጭብጡ ላይ ነው። ዜናም እንዲሁ ነው። አንዱን ክስተት ከመንግሥት መገናኛ ብዙኃን፣ መንግሥትን ከሚተች ጋዜጣና እንደ ቢቢሲ አማርኛ ካለ የውጭ ጣቢያ አንብቡ። ሁሉም የተስማሙበትን ቀን፣ ቦታና ድርጊት ያዙ። በተለያዩበት ላይ «ማን አየ? ማን ነገረው? ሰነዱ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልተገኘ መዝገቡ ሳይዘጋ ይቆይ።

ሁለቱንም ማንበብ ሁለቱም እኩል እውነት ይዘዋል ማለት አይደለም። ዳኛም ግራ ቀኙን የሚሰማው በመጨረሻ ለመፍረድ ነው።