ማሞ ቂሎ በአህያ ጋሪ

ማሞ ቂሎን የማያውቅ የይፋት ልጅ የለም። እናቱ ያሉትን ሁሉ ቃል በቃል፣ ግን በማይሆን ቦታ እየፈጸመ ጉድ የሚያፈላው ያ ልጅ፣ ካራቆሬ ቆላ ውስጥ ማታ ምድጃ ዳር፣ ቀን ደግሞ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች የማሽላ ማማ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩት ኖሯል። መጽሐፍም ሥዕልም አላስፈለገውም። ባለ ቀለም ሥዕል መጽሐፍ ሆኖ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተጽፎበት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች ከተዘጋጁ የሥዕል መጻሕፍት የመጀመሪያው እንደሆነም ይነገርለታል። ተረቱን ጽፈው ያሳተሙት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው።

አቶ ዮሐንስ የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ቤታቸው ውስጥ መጽሐፍ አልነበረም፤ ትምህርት ቤትም ቢሆን ያዩት ጥቂት ብቻ ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያነቡ 19 ዓመታቸው ነበር። መጽሐፉ «ላቭ ኪትን» የሚባል ተራ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ብዙ ደራሲዎቻችን የንባብ ጅማሯቸውን ሲጠየቁ ዳዊትን ወይም አንድ ትልቅ ሥራ ይጠራሉ፤ እኚህ ሰው ግን ይህን ሳያፍሩ መናገራቸው ደስ ይለኛል። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ አገር ጥለው ተሰደዱ። አሜሪካ ገብተው እየሠሩ ተማሩ፤ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ። ከዚያም በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ።

ነገሩ የተጀመረው እዚያ ነው። ክፍሉ የብዙ አገር ስደተኞች ልጆች የሚያነቡት በየቋንቋቸው የተዘጋጀ መጽሐፍ ነበረው። በአማርኛ ሲፈልጉ አንድም አጡ። ከሌለ እንግዲህ መጻፍ ነው! የመረጡት ተረት ደግሞ ማሞ ቂሎ ሆነ።

ምርጫው ብልህ ነበር። ይህ ዓይነቱ ተረት በዓለም ዙሪያ የሚነገር ነው። ጆሴፍ ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የእንግሊዝ ተረቶች መድበል ውስጥ ጃክ የሚባል የማሞ ወንድም አለ። እናቱ ትናንት የሰጠችውን ምክር ዛሬ ላይ እየተጠቀመ ሁሉንም ያበላሻል፤ በመጨረሻም አህያ ተሸክሞ ሲሄድ ያየችው፣ ከተወለደች ስቃ የማታውቅ የሀብታም ልጅ በሳቅ ትፈርሳለች። አሜሪካ የተወለደ የሐበሻ ልጅም ሆነ የጎረቤቱ ፈረንጅ ልጅ በማሞ ለመሳቅ ማብራሪያ አያሻቸውም።

መጽሐፉ ግን የሚታተምበትም የሚነበብበትም ደጅ ያስፈልገው ነበር። የሥዕል መጽሐፍ ዋጋው ቀለሙ ላይ ነው። በጥቂት ቅጂ ሲታተም የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል፤ በብዛት ሲታተም ደግሞ ገዢ ከየት ይመጣል? በዚህ ላይ የረዷቸው ጄን ከርትዝ ናቸው። ሚሲዮናውያን ወላጆቻቸው ዘንድ ማጂ ያደጉ አሜሪካዊት የልጆች ደራሲ ሲሆኑ፣ በብርድ ሌሊት የሩቅ እሳት እያየ ያደረውን ሰው ተረታችንን እ.ኤ.አ. በ1994 የሥዕል መጽሐፍ አድርገው አውጥተዋል። ሁለቱ ሆነው ኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ የማሞ ቂሎ ሽያጭም ለልጆች ቤተ መጻሕፍት መክፈቻ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አቶ ዮሐንስ ሥራቸውን ለቀው፣ በስጦታ ያገኟቸውን 15,000 ያህል መጻሕፍት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ሾላ ሠፈር በሚኖሩበት ቤት፣ በታችኛው ወለል ላይ የሾላ ሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ። እስከዚያ ድረስ የአገራችን ልጆች ትልቁ ተራኪ አባባ ተስፋዬ ነበሩ፤ ቴሌቪዥናችን ከተከፈተበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ «ልጆች» እያሉ ተርከዋል። የአባባ ተስፋዬ ተረት ግን ቴሌቪዥን ካለበት ቤት አያልፍም። በዚያን ዘመን ቆላው ይፋት ውስጥ ስንት ቤት ቴሌቪዥን ነበረው?

እ.ኤ.አ. በ2005 ሐዋሳ ላይ የተጀመረውን የአህያ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት የማደንቀው ለዚህ ነው። መጻሕፍቱ በጋሪ ተደርድረው በአህያ እየተጎተቱ ሠፈር ለሠፈር ይዞራሉ፤ ልጆቹ ጋሪው በቆመበት ከበው ያነባሉ። ጃክ አህያ ተሸከመ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያዋ ማሞን ጎተተችው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን አቶ ዮሐንስን ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ አድርጎ ሲመርጣቸው የውጭ ተመልካች ልብ ያረፈው እነዚያ አህዮች ላይ ነው። ለኛ ብርቅ አይደለም። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ሲገናኝ ሸቀጡን የሚያደርሱት አህያና ግመል ናቸው። መጽሐፍ መጫን ብቻ ነበር የቀረው።

አቶ ዮሐንስ በኋላ መቐለ ሄደው የሕፃናትና ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አቋቁመዋል። ደራሲን በመጽሐፍ ብዛት የሚመዝን ሰው እኚህን ያሳንሳቸው ይሆናል። እኔ ግን ቤተ መጻሕፍቱንና ጋሪውን የማሞ ቂሎ ሁለተኛ ክፍል አድርጌ ነው የማያቸው። አንባቢ በሌለበት የሥዕል መጽሐፍ ደራሲ መሆን ማለት መጀመሪያ አንባቢውን ማፍራት ነውና፣ ብዕሩ ብዙ ጊዜ አረፈ።

ወደ ካራቆሬ ስንመለስ፣ ከተማዋ በዓለም መጻሕፍት ውስጥ ስሟ ተጽፎ ይገኛል፤ ግን በሥነ ምድር ሊቃውንት ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ማጀቴን ያፈረሰውና ካራቆሬን ክፉኛ የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ በስሟ ይጠራል። ያንን ጊዜ ያዩ አዛውንቶች ዛሬም ለልጅ ልጆቻቸው ይተርኩታል። ይህም እንደ ማሞ ቂሎ የሥዕል መጽሐፍ ቢሆን እላለሁ፦ ማማው፣ ግመሉ፣ የተሰነጠቀው የደሴ መንገድ በሥዕል፣ ከሥሩ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ አጫጭር ዓረፍተ ነገር፤ የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፣ ይበቃል። ሠዓሊው ቆላውን የሚያውቅ ይሁን እንጂ ማጓጓዣው አያሳስብም፤ ሰንበቴ እሑድ ጠዋት ጋሪ ሞልቷል።