ሽጉጥና ፈቃድ

አማርኛ ለዕቃ ስም ሲያወጣ ብዙ ጊዜ የዕቃውን ጠባይ ይመለከታል። ትንሹን የእጅ መሣሪያ ሕዝባችን «ሽጉጥ» ብሎ ጠራው። ሸጎጠ ማለት በጉያ ወይም በመታጠቂያ ውስጥ ወሸቀ፣ ከሰው ዓይን ሰወረ ማለት ነው። እንግዲህ ሽጉጥ ማለት የተሸጎጠ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው የመሣሪያውን ጥይትም ሆነ ድምፅ አልጠቀሰም፤ መሸሸጉን ብቻ አይቶ ሰየመው። ይህ ስያሜ ብልህነት አለበት፤ የዚህ መሣሪያ ዋናው ነገር አለመታየቱ ነውና።

በትከሻው ጠመንጃ ያነገተ ሰው በመንገድ ሲመጣ ባላገሩ ሁሉ ያየዋል። ሽማግሌው «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ የሚፈራው ዞር ይልለታል፤ የሚያውቀው ሰላም ይለዋል። ሽጉጥ በጉያው የያዘ ሰው ግን በገበያ፣ በልቅሶ ቤት፣ በአውቶቡስ ከጎናችን ተቀምጦ ሳለ መያዙን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ሊያየው ያልቻለውን ነገር ስለ ጎረቤት ሆኖ የሚያይ አንድ ዓይን ያስፈልጋል። የጦር መሣሪያ ፈቃድ የምንለው ወረቀት ይህ ዓይን ነው። መሣሪያው በጉያ ይሸጎጥ ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን በመዝገብ ላይ በግልጽ ይታያል።

ዛሬ በአገራችን ይህን ነገር የሚመራው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ማዘዋወርን ይከለክላል። መሣሪያ መያዝ የፈለገ ሰው ለዚህ ሥልጣን ወደ ተሰጠው የፖሊስ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ያመለክታል። ማመልከት ማለት ለጥያቄ ራስን ማቅረብ ነው። ማን ነህ? የት ትኖራለህ? መሣሪያውን ለምን ፈለግኸው? አእምሮህ ጤነኛ ነው ወይ? ከዚህ በፊት ሰው በድለሃል ወይ? የጥያቄዎቹ ሁሉ ሥር አንድ ነው፤ «በአንተ እጅ ያለ መሣሪያ ለሌላው ሰው ስጋት እንዳይሆን ምን ዋስ አለው?» የሚል ነው።

ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ቅር ይላቸዋል። በክፍል ውስጥ ባስተማርሁባቸው ዘመናት «አባቶቻችን ጠመንጃ ሲይዙ ማንን አስፈቅደው ነው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቦልኛል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም የሚገኘው በታሪክ ነው። ከታሪክም ሁሉ ይልቅ የዚህ የከፋ ምድር ታሪክ መልሱን አጉልቶ ያሳያል።

የቀድሞው የከፋ መንግሥት ፈቃድን የማያውቅ አገር አልነበረም። ዳር ድንበሩ በጥልቅ ጉድጓድና በእንጨት አጥር የታጠረ፣ በሮቹም ዘበኛ የቆመባቸው ነበሩ። ከውጭ የመጣ ነጋዴ ወይም እንግዳ በበሩ ቆሞ መምጣቱ ለንጉሡ እስኪነገርና ፈቃድ እስኪሰጠው ድረስ ይጠብቅ ነበር። በቦንጋ ገበያ ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ የሚሸጠው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው። የሚያሳዝነው ነገር ባሪያም በዚያው ገበያ ይሸጥ ነበር። እውነትን ለሚወድ አንባቢ የራስን አገር ጥፋት መሸሸግ አይገባም።

በዚያን ጊዜ በሰሜንና በሸዋ ጠመንጃ እየበዛ ሄደ። ሰናድር፣ አልቢን፣ ውጅግራ የሚባሉት ስሞች በየሰፈሩ ይጠሩ ጀመር። ከነጋዴዎቹ አንዱ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሲሆን፣ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ በአፋር በረሃ አቋርጦ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ አቅርቧል። እንዲህ እየተጠራቀመ የመጣው መሣሪያ በየካቲት 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ላይ የኢትዮጵያን ነጻነት አስከበረ። ያ ቀን የሁላችንም ክብር ነው።

ነገር ግን ያው ጠመንጃ አንድ ዓመት ያህል ቈይቶ ወደ ከፋ ዞረ። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ዘመተ፤ ከምዕራብ የመጡት የደጃዝማች ተሰማ ናደውና የደጃዝማች ደምሰው ጦር፣ የጅማው አባ ጅፋርም ሰዎች አብረው ነበሩ። የከፋ ሰው አብዛኛው መሣሪያው ጦርና ጋሻ ነበር። ጉድጓዱና አጥሩ፣ ጫካውና ገደሉ ለወራት አገዙት፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ከቦታ ቦታ እየተሸሸጉ ተዋጉ። በ1890 ዓ.ም. መባቻ ላይ ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ። በአንዱ ወገን የጥይት መሣሪያ፣ በሌላው ወገን ጦር በሆነ ጊዜ ጀግንነት ብቻውን አገርን አይጠብቅም።

ከድሉ በኋላ የመጣው ነገር ነው እንግዲህ የወጣቱን ጥያቄ የሚመልሰው። በዚያን ዘመን መንግሥት ለወታደሩ የሚከፍለው ደመወዝ አልነበረውም። ስለዚህ ለወታደሩ እንደ ማዕርጉ ገባር ይመራለት ነበር። ገባሩም ለተመራበት ሰው እህል ያቀርባል፣ ማር ያገባል፣ ቤት ይሠራል፣ እንጨት ይሰብራል፣ ዕቃ ይሸከማል። ነፍጥ የጠመንጃ ስም ነውና፣ ነፍጥ ያዡ ነፍጠኛ ተባለ። ዛሬ ይህን ቃል አንዳንድ ሰው አንድን ሕዝብ ለመስደብ ያውለዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ነፍጠኛ በጊዜው የሥራ ስም ነበር፤ ከነፍጠኛውም መካከል ደግና ክፉ ነበረ። ክፋቱ በአንድ ነገድ ደም ውስጥ አልነበረም። ክፋቱ በሥርዓቱ ነበር፤ መብትን የሚሰጠው ጠመንጃው ራሱ ሆኖ ነበርና። ጠመንጃ ያለው ሰው ዳኛ፣ ቀራጭ፣ ባለርስት ሆነ፤ ጠመንጃ የሌለው ሰው ደግሞ ገባር ሆነ። «ማን ፈቀደልህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ በትከሻው ተንጠልጥሎ ነበር።

ጠመንጃ መብት በሚሰጥበት አገር የሰው ልጅ ዋጋ ይረክሳል። በከፋ፣ በማጂና በጊሚራ ምድር የባሪያ ፈንጋዮች ከወረራው በኋላ ባሉት ዓመታት እጅግ በረቱ። መንደሮች ባዶ ሆኑ፤ የታረሰው መሬት ጫካ ለበሰ። አዲስ ገዥ በተሾመና አሮጌው በተሻረ ቍጥር ብዙ ሰው እየተነዳ ይወሰድ ነበር። የቀድሞው የከፋ ነገሥታት ገበያ ያልጨረሰውን ሕዝብ ያልተጠየቀ ጠመንጃ ሊጨርሰው ተቃረበ።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ልብ ብለህ ተመልከት። በዓለም መንግሥታት መካከል ስለ ጦር መሣሪያ ቍጥጥር የተጻፈው አንዱ የመጀመሪያ ትልቅ ውል የተጻፈው ባሪያን ነጻ ስለ ማውጣት በተደረገ ጉባኤ ነው። በ1890 እ.ኤ.አ. በብሩክሴል የተፈረመው ውል የባሪያ ንግድን ሲከለክል፣ በዚያው ወረቀት ወደ አፍሪካ የሚገባውን ጠመንጃና ባሩድ ገደበ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባሪያ ፈንጋይ ያለ ጠመንጃ መንደር አይከብም። የአውሮፓ መንግሥታት ይህን ያደረጉት ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ሊይዙት የተመኙት አፍሪካዊ መሣሪያ እንዳያገኝ ማድረግም ይጠቅማቸው ነበር። ሆኖም የሁለቱ ነገሮች ዝምድና እውነት ነው።

ዝምድናው በእኛም አገር ታሪክ ታየ። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ይህን ለማግኘት ብዙ ደከሙ። አባል ለመሆን በተሰጠው ቃል ውስጥ ሁለት ዋና ግዴታዎች ጐን ለጐን ተጽፈው ነበር። አንደኛው ባርነትን ማጥፋት፣ ሁለተኛው የጦር መሣሪያ ንግድን መቈጣጠር ነው። በዚያው ዓመት ስለ ባሮች ነጻነት አዋጅ ወጣ። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋር ስለ መሣሪያ አገባብ በፓሪስ ውል ተፈረመ። እንግዲህ የፈቃድ ወረቀት የቢሮ ሰው ሕዝብን ለማድከም የፈጠረው ነገር አይደለም። ከባሪያው ነጻነት ወረቀት ጋር እንደ መንትያ የተወለደ ነው።

ነገር ግን ሚዛኑን ላለማጕደል የሌላውንም ወገን ክርክር መስማት ይገባል። በ1927 ዓ.ም. ክረምት ኢጣልያ ልትወረን ስትዘጋጅ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ፈቃድ ከለከሉ። ኢጣልያ ግን መሣሪያዋን በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ክልከላው የከበደው በእኛ ላይ ብቻ ነው። ደግሞም በወረራው ዘመን አርበኛው ጠመንጃውን ለወራሪው አስመዝግቦ ቢያስረክብ ኖሮ አገር ነጻ ባልወጣ ነበር። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው ፍትሕ የሌለው በሆነ ጊዜ ፈቃዱም የግፍ መሣሪያ ይሆናል። ይህ እውነት ስለ ሆነ መካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ከእውነተኞቹ አርበኞች የምንማረው ሌላ ነገር አለ። በ1928 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ የተቋቋመው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ከወራሪ ፈቃድ አልጠየቀም። ግን ለራሱ ጠመንጃ ሕግ ጻፈለት። ከዐሥሩ አንቀጾች መካከል ጦሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛም እንዳይጐዳ የሚያዝዙ ነበሩበት። ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት የዚህ ማኅበር ሰዎች ተከበው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በዚሁ በከፋ ዳርቻ፣ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ፣ እጃቸውን ሰጡ። በጦር ተሸነፉ፤ ነገር ግን መንግሥት በፈረሰበት ሰዓት እንኳ የታጠቀ ሰው ያለ ሕግ መኖር እንደማይገባው አሳይተው ነው። ሽፍታውና አርበኛው ሁለቱም ጠመንጃ ይዘዋል፤ የሚለያቸው ይህ ነው።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በ1934 ዓ.ም. ባርነት ፈጽሞ በአዋጅ ተከለከለ። የገባር ሥርዓት ቅሪቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ አከተመ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አስቀጡ። ቦንጋም ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ በጠመንጃ ስትገዛ ኖራ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም. በሕዝብ ውሳኔ የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ለመሆን በቃች። የታሪኩ አቅጣጫ እንዲህ ነው፤ ድሮ መብቱን የሚሰጠው ጠመንጃው ነበር፤ ዛሬ ሕጉ የሚለው መብቱ ይቅደም፣ ጠመንጃው ይከተል ነው።

ስለ ተሸጎጠ መሣሪያ ሌሎችም ሕዝቦች ተጨንቀዋል። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት ገና በ1911 እ.ኤ.አ. በልብስ ውስጥ ሊሸሸግ የሚችል መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ሕግ አወጣ። በኋላም ሸሽጎ ለመያዝ የሚያመለክት ሰው ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ይጠየቅ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የተለየ ምክንያት መጠየቅ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው። ሆኖም ፈቃድ መጠየቅን ራሱን አልሻረም። እንግዲህ መሣሪያን እንደ መብት በሚያከብር አገር እንኳ ክርክሩ ጥያቄው እስከ ምን ይድረስ በሚለው ላይ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት አንድ ቀን በሥራህ ወይም በኑሮህ ምክንያት መሣሪያ መያዝ ያስፈልግህ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ማመልከቻ መጻፍን እንደ ውርደት አትቍጠረው። የምትጠየቀው ጥያቄ ያን ጊዜ ለከፋ ገበሬ ሲባል ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። ፈቃድ ሰጪው ሹም ከሆንህም ጥያቄውን ለዘመድህና ለባዕድ፣ ለሀብታምና ለድሃ እኩል ጠይቅ፤ በአማላጅና በጉቦ የተሰጠ ፈቃድ ከተሸጎጠ ሽጉጥ ይልቅ ይከፋልና። ፈቃድ ብትከለከል ደግሞ በይግባኝ ተከራከር እንጂ በጨለማ ገበያ አትግዛ። በጨለማ የተገዛ መሣሪያ ከየት እንደ መጣና የማን ደም እንዳለበት አታውቅም።

አባቶቻችን ከጠመንጃ የሚበልጥ አንድ ነገር ነበራቸው። ባዶ እጁን የቆመ ድሃ፣ የታጠቀ ጉልበተኛ ሲመጣበት «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኽ ነበር፤ ያም ጉልበተኛ ጨዋ ከሆነ በቆመበት ይቆም ነበር። ቃሉ ጥይት የለውም፤ ግን ስንት ጦር አስጥሏል። የፈቃድ ወረቀትም ይኸው ቃል በቀለም የተጻፈ ማለት ነው። መሣሪያ የምትይዝ ብትሆን፣ መሣሪያ የሌለው ሰው ይህን ቃል ሲጠራብህ የምትቆም ሁን።