ስለ ትልቅ አረር ሽጉጥና ጠመንጃ ዕድሜ በጣና ዳርቻ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ስለ ድሮ መሣሪያ ወሬ ሲነሣ ሁለት አሳቦች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው ውጅግራ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ቢተላለፍም ሥራውን አያቆምም የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሽጉጥ ዕድሜ የለውም የሚለው ነው። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ምክንያታቸው ግን ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው የብረቱ ጥንካሬና ድካም ብቻ ነው ብለን አናምንም። በዚህች አጭር ጥናት ልናሳይ የምንሞክረውም ይህንኑ ነው።

የሐይቁ ዳርቻ ከባሩድ ጋራ የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ የወደቀው፣ ከጣና በስተምሥራቅ ባለው አገር፣ ከፖርቱጋሎች ወገን በተተኮሰ ጥይት ነበር። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው የናስ ቀለህ ነው። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብጾች የተማረከው ረሚንግተን፣ ቀጥሎም በንግድ የገባው የፈረንሳይ ጠመንጃ አገሩን ሞሉት። ይህ የፈረንሳይ ጠመንጃ ስሙ ፉዚ ግራ ሲሆን የእኛ ሰው ውጅግራ አለው። ፈረንሳዮች በአውሮጳ አቈጣጠር በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ሲይዙ አሮጌው ግራ ተራፊ ስለ ሆነባቸው፣ ብዛት ያለው ወደ እኛ አገር ወረደ።

ውጅግራ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቃታው፣ መርፌው፣ ጅማቱና ምላጩ ከታወቁ ሌላው እምብዛም አያስቸግርም። ጥቁር ባሩድ ጭስ ቢያበዛም ግፊቱ የኋለኛውን ጭስ አልባ ባሩድ ያህል ስላልሆነ ብረቱን አያስጨንቅም። መርፌው ቢሰበር ብልህ አንጥረኛ ቀጥቅጦ ይተካዋል፤ ሰደፉ ቢሰነጠቅ በእርጥብ ቆዳ ይጠፈራል። የተተኮሰውም ቀለህ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደ ገና ይተኮሳል። ይህን ሁሉ ግን ከአንድ ሌላ ነገር ጋራ ማየት ይገባል። ጥይት ከአሞሌና ከማርያ ትሬዛ ብር ጎን ለጎን እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ገንዘቡን በከንቱ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ብዙ አይደለም። (በሠርግና በለቅሶ የሚተኮሰውን አልዘነጋንም፤ ያም ቢሆን ክብሩ ከውድነቱ የመጣ ነው።) ስለዚህ ውጅግራ ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረ ሲባል፣ በእነዚያ ዓመታት ስንት ጊዜ ተተኰሰ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ሽጉጥ እንለፍ። ጣሊያኖች በአውሮጳ አቈጣጠር በ1889 የተቀበሉት ቦዴዮ የሚባል ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበራቸው። አረሩ 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ በጎን በምትከፈት በር አንድ በአንድ ይገባል፤ የተራው ወታደር ዓይነት የሚታጠፍ ምላጭ ነበረው። ይህ ሽጉጥ ወደ አገራችን ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ አንድ ጊዜ ለዐድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም.፣ ሁለተኛም በአምስቱ ዓመት ወረራ።

ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ብዙ ሲተኰስ እንዴት እንደሚያረጅ የታወቀ ነው። ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል (ከበሮ እንበለው) ከአፈሙዙ ብረት ጋራ አልተጣበቀም፤ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት አለ። በእያንዳንዱ ተኩስ በዚያ ክፍተት የሚወጣው እሳት ከላይ ያለውን የብረት ድልድይ እየላሰ ይቦረቡረዋል። ከበሮውን የምትገፋው ምላስና የምታቆመው ጥርስ ይበላሉ፤ ከበሮውም ከአፈሙዙ ጋራ ልክ መግጠሙን ይተዋል። አሜሪካኖች በ1955 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ባወጡት 44 ማግነም በሚባለው የስሚዝና ዌሰን ሽጉጥ ላይም፣ ከባድ ጥይት አብዝተው የሚተኩሱ ኢላማ ተኳሾች የከበሮውን መላላት ስላዩ፣ ፋብሪካው በ1980ዎቹ መጨረሻ ውስጡን ለማጠንከር ተገዷል።

ቦዴዮ ግን እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም፤ ጥይቱ ለዘብ ያለ ነው። ስለዚህ በጣና ዳር በተኩስ ብዛት አለቀ ማለት ያስቸግራል። ለጥፋቱ ሦስት ሌላ ምክንያት እናያለን። የ10.35 ጥይት ከጣሊያን ጦር ጋራ መጣ፣ ከእርሱ ጋራም ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ከገበያ የሚገዛ አልሆነም። የውስጡ ዕቃ ትንንሽ ስለ ሆነ የጠመንጃ መርፌ የሚቀጠቅጠው አንጥረኛ የከበሮውን ምላስ በልኩ ለመሥራት ሞረድም መለኪያም አልነበረውም። ሦስተኛው የሐይቁ እርጥበት ነው። ከተኩስ በኋላ የሚቀረው ጥላሸት ውሃ ይስባል፤ የውጅግራን ሆድ በፈላ ውሃ አጥቦ በጨርቅ መወልወል ቀላል ሲሆን፣ የሽጉጥን ሆድ ዕቃ ፈትቶ መጥረግ ግን ለሁሉ የሚቻል አይደለም። በክረምት ያልተቀባ ሽጉጥ በአፎቱ ውስጥ እንዳለ ይበሰብሳል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የምንለው የ1932 ዓ.ም. ነገር ነው። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ ወር ወደ ጎጃም ሲገባ፣ ከሱዳን ለአርበኞች ይታደል ከነበረው መሣሪያ ውስጥ ማርቲኒ የሚባለው አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ይገኝበታል። ማርቲኒ በእንግሊዝ ጦር የተያዘው በ1871 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ ወደ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ይተኩስ ነበር። አርበኞች ያጉረመረሙት ተሰበረብን ብለው አይደለም፤ ጠላት መትረየስ ይዞ ሳለ እኛ እንዴት አንድ አንድ እንጎርሳለን ብለው ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የዳንግላው የጣሊያን ጦር ወደ ባሕር ዳር ሲያፈገፍግ ዙሪያውን የነበረው ጎጃሜ ከዘመናዊው ምርኮ ጋራ ይህንን ያረጀ መሣሪያ ሳይቀር የያዘ ነበር። ዕድሜው ረጅም የሆነ መሣሪያ ሁልጊዜ የሚመረጥ መሣሪያ አልነበረም።

ከዚህ የተነሣ በታሪክ ጽሑፎቻችን ላይ አንድ ቅሬታ አለን። ይህን ያህል ሺህ ጠመንጃ ገባ፣ ይህን ያህል ተማረከ እየተባለ ይጻፋል፤ በነፍስ ወከፍ ስንት ጥይት እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይነሣም። ጥይት የሌለው ሽጉጥ በቁጥር ውስጥ ሲገባ የጦሩ ኃይል ከነበረው በላይ ሆኖ ይታያል።

በየቤቱ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ በሣጥን የተቀመጠ ስድስት ጎራሽ የሚያጋጥመው ተማሪ፣ ባዶ መሆኑን አስቀድሞ አረጋግጦ፣ ከከበሮው በላይ ያለውን ድልድይ ከታች ወደ ላይ ይመልከት። በእሳት የተላሰ ቀጭን ቦይ ካገኘ ሽጉጡ ብዙ ተተኵሷል፤ ድልድዩ ለስላሳ ሆኖ የአፈሙዙ ውስጥ በዝገት የተበሳሳ ከሆነ ግን የበላው እርጥበት ነው።