ጡጦ፣ ውኃና እሳት፦ የሕፃናት የዱቄት ወተት አዘገጃጀት ታሪክና ትምህርቱ

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ ትምህርቷ በመላ ኢትዮጵያ የታወቀች ናት። ስሟ «የእንጀራ ቤት» ማለት ሲሆን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤትም በዚሁ ስም ይጠራል። የዚያ ቤት ሥርዓት ጥብቅ ነው። የሚገባበት የተፈቀደለት ብቻ ነው፤ ዕቃው ለሌላ ሥራ አይውልም፤ ኅብስቱም በዕለቱ ተጋግሮ በዕለቱ ይቀርባል እንጂ አያድርም። የሥርዓቱ ዓላማ የአምልኮ ክብር እንጂ የጤና ጉዳይ አይደለም። ይሁን እንጂ ንጹሕ እጅ፣ ንጹሕ ዕቃ፣ እሳትና ጊዜ የሕፃናት የዱቄት ወተት ታሪክም የሚዞርባቸው አራት ነገሮች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ታሪክ በአጭሩ ተመልክተን ለዛሬው ሥራችን የሚሰጠውን ትምህርት ለማሳየት እንሞክራለን።

ከጡጦ በፊት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ የሕፃን ምግብ የእናት ጡት ነው። እናት በወሊድ ስትሞት ወይም ስትታመም የምታጠባ ዘመድ ወይም ጎረቤት ትፈለግ ነበር። ጡት ማጥባት ዝምድናን የሚፈጥር ታላቅ ነገር በመሆኑ፣ ሥጋዊ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች እንኳ «የጡት ልጅ» በመባባል ይተሳሰሩ ነበር። ነባሩ ልማድ ግን እንከን የለሽ አልነበረም። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማላስና በሽታን የሚከላከለውን እንገር አልቦ ማፍሰስ በብዙ አካባቢ የተለመዱ ነበሩ፤ ዛሬም ፈጽመው አልጠፉም። ስለዚህ የቀድሞውን ሁሉ ማወደስም ሆነ አዲሱን ሁሉ ማውገዝ የታሪክ ሚዛን አይደለም።

ጡጦ በአውሮፓ

የፋብሪካ የሕፃናት ምግብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ነው። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከብቅል የተዘጋጀ ምግብ ሲያስተዋውቅ፣ በስዊዘርላንድ ይኖር የነበረው ሄንሪ ኔስሌ እ.ኤ.አ. በ1867 የራሱን የወተት ዱቄት ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዘመን ረጅም የላስቲክ ቱቦ ያለው ጡጦ ተስፋፍቶ ነበር። ሕፃኑ ያለ ሰው ርዳታ መጥባት ስለሚችል እናቶች ወደዱት፤ ቱቦው ግን ከውስጥ ሊታጠብ የማይችል በመሆኑ ተህዋስያን ይራቡበት ነበር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1861 የታተመ ዝነኛ የቤት አያያዝ መጽሐፍ የጡጦው ጫፍ በአዲስ እስኪተካ ድረስ ባይነቀልም ችግር እንደሌለው ይመክር ነበር። ፈረንሳይ ባለ ቱቦውን ጡጦ በሕግ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከእሳት ነበር። ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት እ.ኤ.አ. በ1886 የሕፃናትን ወተት በየጡጦው አድርጎ በፈላ ውኃ ማምከኛ ዘዴ አቀረበ። በፈረንሳይም ፒየር ቡዳን በ1892፣ ሌዎን ዱፉር ደግሞ በ1894 እናቶችን የሚመክሩና ንጹሕ ወተት የሚያድሉ ማዕከላት ከፈቱ። ወተቱ፣ ጡጦውና ምክሩ በአንድነት ሲሰጡ የሕፃናት ተቅማጥ እንደሚቀንስ ከዚህ ልምድ ታወቀ።

ቆርቆሮው ያለ ምክሩ ሲመጣ

ኋላ የዱቄት ወተት ወደ ሞቃትና ድሃ አገሮች ሲላክ ማስታወቂያው ቀደመ፤ ንጹሕ ውኃውና ምክሩ ግን አብረው አልመጡም። ቀደም ሲል ክዋሺዮርኮር የተባለውን በሽታ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1939 በሲንጋፖር ባደረገችው ንግግር፣ እናቶችን በሐሰት ምክር ከጡት ማስጣል ከግድያ እንደሚቆጠር በግልጽ ተናገረች። በ1974 «ሕፃን ገዳዩ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር ታተመ፤ በ1977 በአሜሪካ በኔስሌ ምርቶች ላይ የአለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። በመጨረሻም የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 1981 የጡት ወተት ምትኮችን ግብይት የሚመራውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በሦስት ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ተቃውሞው የአሜሪካ ነበር።

በአገራችን

በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር እ.ኤ.አ. በ1962 የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ወደ መሆን አድጓል። ከክፍሉ ሥራዎች በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ፋፋ ነው። ፋፋ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት፣ ከዱቄት ወተት፣ ከቪታሚንና ከማዕድናት የተዘጋጀ ተጨማሪ ምግብ ሲሆን፣ በእሳት ላይ በስሎ የሚሰጥ ነው። የጡት ምትክ ሆኖ አልታሰበም።

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ብዙ የርዳታ ወተት ወደ አገር ገባ። ረሀቡ በጽኑ ከጎዳቸው አካባቢዎች መካከል ጋይንት አንዱ ነበር። ውኃ በጎደፈበት፣ ማገዶ በጠፋበትና ሕዝብ በተጨናነቀበት መጠለያ ደረቅ የዱቄት ወተት ለየቤተሰቡ ማደል ተቅማጥን እንደ ማደል ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ፣ ወተት በባለሙያ ቁጥጥርና በንጽሕና በቦታው ተዘጋጅቶ ካልተጠጣ በቀር በዱቄትነቱ እንዳይታደል ወሰነ።

ሌላው ፈተና ኤችአይቪ ነበር። ቫይረሱ በጡት ወተት እንደሚተላለፍ ሲታወቅ የዱቄት ወተት አማራጭ ሆኖ ቀረበ። በቦትስዋና መንግሥት ለእናቶች በነፃ ያድል ነበር። በ2006 መጀመሪያ ግን ከከባድ ዝናብ በኋላ ውኃው ተበክሎ ብርቱ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሣ፤ በብዛት የተጎዱትም ጡት የማይጠቡት ሕፃናት ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መመሪያውን አሻሽሎ እናት መድኃኒቷን እየወሰደች እንድታጠባ መከረ። ኢትዮጵያም ከ2013 ጀምሮ ቫይረሱ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ሁሉ የዕድሜ ልክ ሕክምና መስጠት ጀመረች።

ስለ ዱቄቱ ራሱ የታወቀው

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ በውኃውና በእናቲቱ እጅ ሲሳበብ ቆይቷል። ዛሬ ግን የታሸገው ዱቄትም ከተህዋስያን ፍጹም የጸዳ እንዳልሆነ እናውቃለን። ክሮኖባክተር የተባለው ባክቴሪያ በአራስ ሕፃናት ላይ የማጅራት ገትር በሽታ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ቴነሲ አንድ ሕፃን በሆስፒታል ውስጥ በዚሁ ባክቴሪያ ከሞተ በኋላ ተህዋሲው ካልተከፈተ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2007 ያወጡት መመሪያ ዋና ቃልም ከዚህ የመነጨ ነው፦ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውኃ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መሆን የለበትም።

አዘገጃጀቱ እንደሚከተለው ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጡጦው፣ ጫፉና ክዳኑ በሳሙናና በብሩሽ ታጥበው ይቀቀላሉ። ውኃው እስኪንተከተክ ይፈላል፤ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክም አስቀድሞ ወደ ጡጦው ይጨመራል። ዱቄቱ በራሱ ማንኪያ፣ ከአፉ ተስተካክሎ ይለካል። ወተቱ ከተበጠበጠ በኋላ ጡጦው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተይዞ ይበርዳል፤ ሙቀቱም በእጅ አንጓ ላይ ጠብ ተደርጎ ይፈተናል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያላለቀ ይደፋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለየምግቡ አዲስ ማዘጋጀት ግድ ነው። ለማጽዳት ስለሚቀል ከጡጦ ይልቅ ክፍት ስኒ ይመረጣል።

ለደጋው አገር አንድ ማስገንዘቢያ እንጨምር። መመሪያው የፈላ ውኃ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ይላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ነፋስ መውጫ ግን ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ለማምከን ይበቃል፤ ሆኖም ከዝቅተኛው አገር ቀድሞ ከ70 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ጥቂት ውኃ ከሆነም ይበልጥ ይፈጥናል። ስለዚህ በደጋ የምትገኝ እናት 30 ደቂቃ እንድትጠብቅ ሳይሆን ፈጥና እንድትበጠብጥ ልትመከር ይገባል።

ማጠቃለያ

የዚህ ታሪክ ትምህርት አንድ ነው። ቆርቆሮው በመልካም ሁኔታ የሚሠራው ውኃ፣ ማገዶ፣ ሳሙና፣ ጊዜና ገንዘብ ላለው ቤት ነው። በቀን ስምንት ጊዜ የሚበላ አራስ ስምንት ጊዜ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል። ገንዘቡ ያጠራት እናት ቆርቆሮው እንዲበቃት ዱቄቱን ስታቀጥን፣ ሕፃኑ ሆዱ ሞልቶ ይራባል። ስለዚህ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ መስጠት የመጀመሪያው ምክራችን ሆኖ ይቆያል።

ይሁን እንጂ እናቱ የሞተችበት ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ጡት ሊያገኝ ያልቻለ ሕፃን አለ። አያቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ «ጡጦ መጥፎ ነው» ብሎ መመለስ ሕክምና አይደለም። አዘገጃጀቱን በፊቷ ሠርቶ ማሳየት፣ እርሷም ደግማ እንድትሠራ ማድረግ፣ በቤቷ ያለውን ውኃና ማገዶ መጠየቅ የባለሙያው ግዴታ ነው። በቤተ ልሔም ኅብስት እንደማያድር የምታውቅ አያት፣ የሕፃንም ወተት ማደር የለበትም ቢሏት ነገሩ እንግዳ አይሆንባትም።