ከሻደይ እስከ ሰንበት ትምህርት ቤት

ስለ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አገልግሎት ሲነሣ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይጀምራል፤ ከዘመናዊ ትምህርት መስፋፋት፣ ከተማሪዎች ጉባኤያት፣ ቀጥሎም ከሰንበት ትምህርት ቤት መዋቅር። አተራረኩ ከዚያ በፊት በገጠሩ አጥቢያ ወጣቱ ቦታ እንዳልነበረው፣ ግቢው የካህናትና የሽማግሌዎች ብቻ እንደነበረ ያስመስላል። የሰቆጣንና የዋግን ደጋ ልማድ አስተውሎ ለሚያይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዋግ የወጣቶች ኅብረት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከሰንበት ትምህርት ቤት አስቀድሞ ነበረ፤ የራሱ ወቅት፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ መሪዎችም ነበሩት። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቱን ወደ ግቢው አላስገባውም፤ እዚያው አግኝቶታል። ያደረገው ነገር ቢኖር በየፊናቸው ያድጉ የነበሩትን ወንዶችና ሴቶች ልጆች አንድ ላይ መሰብሰብ፣ ወቅት እየጠበቀ ይመጣ የነበረውን መገናኘት ሳምንታዊ ማድረግና በአጥቢያው ጉዳይ ድምፅ መስጠት ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ኅብረቱን ያጸናው ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ከቀድሞው ልማድ የወረሰው የጋራ ኀላፊነት ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ከሻደይ እንነሣ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ይጾማል፤ ከአጽዋማት ሁሉ ሕፃናት የሚወዱት ይህ ነው። ልጆች ውዳሴ ማርያሙን ይሰማሉ፣ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፣ ይቆርባሉ። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር በወገባቸው አሥረው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ተኩለው፣ ድሪና አልቦ አድርገው ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ጨዋታው የሚጀመረው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እመቤታችንን አመስግነው ካህናቱን ካስባረኩ በኋላ ወደ ታላላቆች ቤት፣ ከዚያም በየመንደሩ ይዘልቃሉ፤ እስከ ነሐሴ 21 ድረስም ይጫወታሉ። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ ይከበራል። የፀጉር አሠራሩ ዕድሜንና የጋብቻን ሁኔታ ይለያል፤ ጋሜዋ ከጋሜ፣ ሳዱላዋ ከሳዱላ ጋር ትቆማለች። ግጥም አውራጇ ትመራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በየደጁ የሚሰጠው እህል ወይም ገንዘብ የአንዲት ልጅ ሀብት አይሆንም፤ የቡድኑ ነው።

ሻደይ ጨዋታ ነው እንጂ አገልግሎት አይደለም የሚል ይኖራል። መዝፈንና መዘመር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተለያዩ ናቸው፣ ልጃገረዶቹም ያስተማራቸውና የሾማቸው የለም ይባላል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ሻደይን ከቅኔ ማሕሌት ጋር ማስተካከል አያስፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ የአንድ አጥቢያ ወጣቶች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት፣ ታናሽ ከታላቅ የሚማረው፣ ያገኙትን በጋራ መያዝ የሚለምዱት የት ነው? ለዋግ ልጃገረድ መልሱ ለብዙ ትውልድ ሻደይ ነበር። ከቅድስና ወቅት ጋር ተያይዞ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነሥቶ፣ በሽማግሌ ምርቃት የሚከናወን መሰባሰብ ተራ መዝናኛ ነው ቢባል አይዋጥልኝም።

ወንዶቹ ልጆች ደግሞ በሌላ መንገድ ያድጉ ነበር። ለድቁና የታሰበው ልጅ ከንባብ ቤት ጀምሮ ዳዊት ይደግማል፣ ዜማ ለመማር ከአገሩ ይወጣል፣ ደበሎ ለብሶ ኮፊዳ አንግቦ እንደ ቆሎ ተማሪ በልመና ያድራል። እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ በሙሉ ክህነት የምትቀበለው ከግብፅ ከሚመጣ ጳጳስ ስለነበር ድቁና ራሱ ረጅም ጉዞ ወይም ረጅም ጥበቃ የሚጠይቅ ነገር ነበር። ለክህነት ያልታሰበው ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ያርሳል፣ በወንፈልና በደቦ ከእኩዮቹ ጋር ይውላል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት የሚገባው ጎጆ ወጥቶ የጽዋ ማኅበር ወይም የሰንበቴ አባል ሲሆን ነው። ብዙ ጊዜም የሚገባው በሞተው አባቱ ቦታ ነው። ጽዋውም ሰንበቴውም ድንቅ ሥርዓቶች ናቸው፤ ችግረኛ ይበላባቸዋል፣ የተጣላ ይታረቅባቸዋል፣ የታመመ ይጠየቅባቸዋል። ግን የአዋቂ ናቸው። እንግዲህ የቀድሞው ሥርዓት ለሴቷ ልጅ ስድስት ቀን፣ ለደቀ መዝሙሩ ስደት፣ ለእረኛው ልጅ ደግሞ ጥበቃ ነበር ያደለው። ሦስቱን የሚያገናኝ ቦታ አልነበረም። የቀድሞውን ዘመን የምናወድስ ሰዎች ይህን ጉድለት ሸፍነን ማለፍ አይገባንም።

ሰንበት ትምህርት ቤት የተወለደው በከተማ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአዲስ አበባ አድባራት የተማሪ ጉባኤያት ብቅ ብቅ አሉ፤ በ1950ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ሃይማኖተ አበው የተባለው ማኅበር ታወቀ። ወሳኙ እርምጃ ግን በ1965 ዓ.ም. በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የወጣው ቃለ ዓዋዲ ነው። የሰበካ ጉባኤ የተደራጀበት ይህ ደንብ በጊዜ ሂደት እየተሻሻለ ሲሄድ ሦስት ወገኖች በአጥቢያው አስተዳደር እንዲወከሉ አድርጓል፦ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች። ትርጉሙን ለመረዳት የዋግን የቀድሞ አስተዳደር ማስታወስ ይበቃል። ዋግ የዛጉዌ ዘር ነን በሚሉ ዋግሹሞች ለዘመናት የተገዛ አገር ነው። ከሰቆጣ አጠገብ ያለው ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የዋግሹሞች ዐፅም ያረፈበት ነው። ትውልድና ማዕረግ እንዲህ በከበረበት ምድር ለገበሬው ልጅ፣ ያውም ላላገባው፣ ከካህናቱ ጎን መቀመጫ የሚሰጥ ደንብ መምጣቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ደንቡ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ። ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ በሰሞን መሬት ይተዳደሩ የነበሩ ካህናትም ከምእመናን እጅ የሚጠብቁ ሆኑ። አጥቢያው መኖር የሚችለው አባላቱ ካዋጡና ከሠሩ ብቻ ሆነ። ወጣቱም ከተመልካችነት ወጥቶ የሚፈለግ ሰው የሆነው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ግድግዳ የሚመርግ፣ ውኃ የሚቀዳ፣ ለንግሥ በዓል ግቢ የሚያጸዳ፣ መዋጮ የሚጽፍ ጉልበትና ቀለም ያለው እሱ ነበርና። መንግሥት በበኩሉ ወጣቱን በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ለማደራጀት ሲጥር በዋግና በአካባቢው የሚንቀሳቀሱት ታጣቂ ድርጅቶች ደግሞ ይመለምሉት ነበር። ሁሉም ይፈልገው ነበር፤ ጠመንጃ ሳያሸክሙ የሚሹት ቦታዎች ግን ጥቂት ነበሩ።

ከዚያ የ1977 ዓ.ም. ረኀብ መጣ። የዋግ፣ የላስታና የራያ ገበሬ እየተሰደደ ወደ ኮረም ወረደ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት የእንግሊዙ ቴሌቪዥን ያሠራጨው የኮረም ሥዕል ዓለምን አስደነገጠ። በተከተለው የሰፈራ ዘመቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ከሰሜን ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወለጋ ተወሰደ፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ዋግ ያለበት የወሎ ክፍለ ሀገር ሰው ነበር። ረኀቡ የሰው ሕይወት ብቻ አይደለም ያጠፋው፤ ጽዋውን፣ ሰንበቴውን፣ የሻደይ ቡድኖችን የሚያቆመውን ጉርብትና በታተነ። ድግስ ከሌለ ሰንበቴ የለም፤ በየደጁ የሚሰጥ እህል ከሌለ ሻደይ አይደምቅም። በምግብ ላይ የቆመ ኅብረት ምግቡ ሲጠፋ እንዴት እንደሚናጋ ያን ዓመት ታየ።

በዚያው ዘመቻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሰፋሪው ጎጆ እንዲሠሩ ወደ መተከልና ጋምቤላ ተላኩ። የማኅበረ ቅዱሳን አመሠራረት ሲተረክ ይህ የ1977 ዓ.ም. ዘመቻ፣ የዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም የክረምት ሥልጠናና የ1983 ዓ.ም. የብላቴ ጦር ማሠልጠኛ አብረው የሚነሡት በምክንያት ነው። በዝዋይ ተማሪዎችን ያስተምሩ የነበሩት አቡነ ጎርጎርዮስ በ1982 ዓ.ም. ቢያርፉም ያሰባሰቧቸው ወጣቶች አልተበተኑም፤ ማኅበሩ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ተመሠረተ፣ በየዩኒቨርሲቲውም ግቢ ጉባኤ ተከለ። ወሎን ባዶ ያደረገው መከራና ለወጣቶች አገልግሎት አዲስ መልክ የሰጠው ንቅናቄ በአንድ ዘመቻ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል። የከተማው ተማሪ የአጥቢያን ዋጋ የተማረው አጥቢያቸውን ካጡ ገበሬዎች መካከል ሆኖ ነው ብል ከማስረጃው አልርቅም። ስለዚህም ከከተማ ወደ ዋግ የመጣው ሥርዓት ከዋግ መከራ ጋር ሳይተዋወቅ የመጣ አይደለም።

ሰንበት ትምህርት ቤት ከውጭ የመጣ ነው፣ የፕሮቴስታንት አሠራር ነው የሚለው ተቃውሞ በአንዳንድ አባቶች ዘንድ ጥንትም ነበር። መነሻው ላይ ተሟጋቾቹ አልተሳሳቱም። ሮበርት ሬይክስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1780 በግሎስተር ከተማ ሳምንቱን በሥራ የሚያሳልፉ የድሆች ልጆችን እሑድ እሑድ ማንበብ ማስተማሩ የንቅናቄው መነሻ ይባላል። ነገር ግን በግብፅ ሐቢብ ጊርጊስ የተባሉት ሊቅ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህንኑ አሠራር ለኮፕት ቤተ ክርስቲያን ልጆች አውለውታል፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም ኋላ ከቅዱሳን ቆጥራቸዋለች። በኢትዮጵያም ቢሆን ነጭ ለብሶ፣ ከበሮ ይዞ፣ በንግሥ በዓል ታቦት አጅቦ የሚዘምረውን ወጣት አይቶ ባዕድ ነው የሚል ሰው የለም። አሠራር ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ሥር መያዙ የሚታወቀው ግን የአገሩን የዓመት ዑደትና የአገሩን ሥራ ሲቀበል ነው። በዋግ ደግሞ ለመቀበል ዝግጁ የሆነ ነገር ነበረ። ከበሮውን መምታትና በቡድን ማዜም ለልጃገረዷ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ የሆነላት ዓመቱን ሙሉ መምጣቷ፣ ከወንድሟ ጋር መማሯና ሐሳቧን መጠየቋ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር መዝሙር ሻደይን እያጠፋ ነው የሚለው ነው። በአንድ በኩል ትምህርቱ ዘፈንን ያስነውራል፤ በሌላ በኩል በዓሉ ወደ መድረክና ወደ ውድድር እየወጣ ነው። ሥጋቱን እጋራለሁ። ሻደይ የቱሪስት ትርኢት ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መነሣቱና ያገኙትን በጋራ መያዙ ከተረሳ፣ የሚቀረው ልብሱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤትም የሳምንት ስብከት ሰምቶ መበተን ብቻ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። አገሩ ዛሬም የጋራ ኀላፊነትን የሚፈትን አገር ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉ ያለ ነገር አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ደረሰ፤ ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች የተፈናቀለው ሕዝብም በከተማዋ ተጠለለ። እንዲህ ባለ ቦታ የወጣቶች ጉባኤ የሚለካው በመዝሙሩ ብዛት አይደለም። አንድ አባል ቤቱን ሲያጣ ማን ይቀበለዋል? ለተፈናቃይ ልጅ ቀለብ ማን ያዋጣል? የቀድሞው ሰንበቴ ይመልሰው የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ወራሹም ከዚህ ማምለጥ አይችልም።

ሙሉ በሙሉ መልስ የማላገኝለት ተቃውሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ቋንቋ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መጽሐፍም መዝሙርም በአማርኛ ነው፣ የብዙው የዋግ ገጠር ልጅ አፍ የፈታው ግን በአካባቢው የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው። የዛጉዌ ነገሥታት አገዎች ሆነው ሳለ በግእዝ ቀድሰዋል፣ ቋንቋ ለዚህ ሕዝብ እንቅፋት ሆኖ አያውቅም ተብሎ ሊመለስ ይችላል። መልሱ ለቅዳሴ ይሠራል፤ ለትምህርት አይሠራም። ቅዳሴ በዜማውም በሥርዓቱም ያስተምራል፤ ጥያቄ የሚጠይቅ የዐሥር ዓመት ልጅ ግን የሚጠይቀው በእናቱ ቋንቋ ነው። በዋግ ትምህርት ቤቶች ልጆች በኽምጣና ፊደል ቆጥረው ማደግ ከጀመሩ ቆይተዋል። በቃለ ዓዋዲው መሠረት ሰንበት ትምህርት ቤት ከ4 እስከ 30 ዓመት ያለውን ያቅፋል፤ በኽምጣና ማንበብና መጻፍ የተማሩት ልጆች ዛሬ በዚሁ ዕድሜ ክልል ውስጥ ናቸው። ትምህርቱን በኽምጣና ለማዘጋጀት፣ መዝሙሩንም በኽምጣና ለመድረስ ከሌላ ቦታ ሰው መጠበቅ አያሻም፤ ሊሠሩት የሚችሉት በየአጥቢያው አሉ፣ የሚቀረው የሰበካ ጉባኤው ይህን ሥራ ለእነሱ መስጠቱ ነው።