የግንቦት ልደታ ንፍሮና የማኅበራችን መዝገብ

ሚያዝያ ሲያልቅ በየዓመቱ በስብሰባችን አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ለግንቦት ልደታ አብረን ቡና እናፍላ ወይስ ይቅር?» የሚል። አንዳንዶቻችን «ማኅበራችን የቁጠባና የመረዳጃ ነው፣ የዝክር አይደለም» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ እናቶቻችን ያቆዩትን ለምን እናስቀራለን እንላለን። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ከልቡ ነው። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት የሴቶች ጉባኤ በአገራችን ከየት እንደመጣና ምን ሲሠራ እንደኖረ ብናይ መልካም ነው።

ከአድባር እንጀምር። ቃሉ በግዕዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። በአማርኛ ግን ሰፈሩን ይጠብቃል የሚባለው መንፈስና ያድርበታል የሚባለው ትልቅ ዛፍ መጠሪያ ሆነ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በግሽ ዓባይ ደግሞ የአገው ሰዎች ለዓባይ ምንጭ መንፈስ ከብት ያርዱ እንደነበር በ1763 ዓ.ም. ቦታውን ያየው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጽፏል። እሱ በጻፈው ጸሎት ውስጥ ግን የሚጠራው «አባት» ነው። እናት የምትጠራበትን ጉባኤ የምናገኘው ሴቶቹ ራሳቸው ከሚመሩት ሥርዓት ነው።

የዚህ ዋና ምሳሌ የኦሮሞ ሴቶች አቴቴ ናት። አቴቴ ከመውለድና ከልምላሜ ጋር የምትነሳ፣ ሴቶች ተሰብስበው የሚለምኗትና የሚያመሰግኗት ናት፤ ሥርዓቱም በስሟ ይጠራል። አንዲት ሴት ስትዳር ከእናቷ ሲንቄ የተባለውን በትር ትቀበላለች። ዝናብ ሲጠፋ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ወደ ውሃ ዳር ወርደው ይለምናሉ። አራስ ወይም ባለትዳር ሴት በባሏ ስትበደል ደግሞ ጎረቤቶቿ ሲንቄ ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ክሶ እርቅ እስኪወርድም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ጸሎቱና የሴቷ መብት የሚጠበቅበት መንገድ አንድ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

በክርስቲያኑ ደጋ አገር ይህን ስፍራ የያዘችው እመቤታችን ማርያም ናት። ተአምረ ማርያም ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው በዐፄ ዳዊት ዘመን ነው። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት) መጽሐፉ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ የእመቤታችን 33 በዓላትም እንዲከበሩ ደነገጉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን በእመቤታችን ስም አሠሩ። የነገሥታቱ ሥራ በመጽሐፍና በድንጋይ ስለቆመ ስማቸው ቀርቷል። ተራዋ ሴት ያቆመችው ግን ማኅበር ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ አለ።

የማርያምን ጽዋ ማኅበር አሠራር ሁላችንም እናውቀዋለን። በወር አንድ ቀን፣ በ21 ወይም በኪዳነ ምሕረት በ16፣ ባለተራዋ ዳቦና ጠላ ታቀርባለች፤ ካህን ይባርካል፤ ጽዋው ወደ ቀጣይዋ ቤት ይሄዳል። ሰብሳቢው «ሙሴ» ይባላል። የቀረች ሴት ለምን ቀረች ተብሎ ይጠየቃል፤ ታማ እንደሆነ ትጎበኛለች፤ ወልዳ እንደሆነ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብሎ ገንፎ ይገነፋላታል። እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ይህን ስናይ የምናስተውለው ነገር አለ። ተራ፣ መዋጮ፣ ሰብሳቢ፣ የቀረን መጠየቅ፣ ለታመመችና ለወለደች መድረስ፣ ሁሉም በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የጻፍናቸው ናቸው። እናቶቻችን በቃል ያዙት፣ እኛ በመዝገብ ያዝነው። ለሚደግፉን ወዳጆቻችንም ይህን ማስረዳት እንወዳለን። ድጋፋችሁ የመጣው ባዶ ቤት ላይ አይደለም፤ ሴቶች በተራ መተማመንን አስቀድመው የለመዱበት ቤት ነው።

ግንቦት ልደታ ደግሞ አድባሩና ማርያም የተገናኙበት በዓል ነው። ግንቦት 1 ቀን ጎረቤት ከቤት ውጭ፣ ብዙ ጊዜም ከዛፍ ሥር፣ ንፍሮና ዳቦ ይዞ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል። ንፍሮው ኢያቄምና ሐና በሊባኖስ ተራራ የተመገቡት መታሰቢያ ነው ይባላል። ዛፉን ቅቤ የሚቀቡም አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህንን ባዕድ አምልኮ ነው ብለው ይከለክላሉ። የአገው ዘመዶቻችን ባሉበት በዋግ ኽምራም እንዲሁ፣ በፍልሰታ በዓል ነሐሴ 16 ቀን ልጃገረዶች የሻደይን ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ለዘመናት በዓሉን ሳያቋርጡ ያቆዩት ሴቶቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያነሳነው የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ዝክር በድግስ ፉክክር ተይዞ ብድር ውስጥ የከተተው ቤት አለ፤ ከከሰል ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ ለአንድ ቀን ድግስ ሲያልቅ ማየት ያሳዝናል። በተጨማሪም በመካከላችን ሙስሊም እህቶችና የወንጌላውያን አማኝ እህቶች አሉ፤ እነሱን ወደማያምኑበት ሥርዓት መጎተት ማኅበሩን ያፈርሰዋል። በሌላ በኩል ግን ሴቶች የሚገናኙበትን ቀን ብናጠፋ የሚቀረን የብድር ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ ያላትን ዕዳ መክፈል ያቃታት ሴት ደግሞ መጀመሪያ የምትቀረው ከስብሰባ ነው፤ ለምን እንደቀረች የሚያውቁት ቡና አብረዋት የሚጠጡት ናቸው።

ስለዚህ ለቀጣዩ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ግንቦት 1 ቀን የምንሰበሰብበት ቀን ሆኖ ይቆይ። ከማኅበሩ ሣጥን ግን አንድ ብር አይውጣ፤ ንፍሮውም ቡናውም የፈቀደች ሁሉ ከቤቷ የምታመጣው ይሁን። ማርያምን የምትዘክር ትዘክር፣ ሌላዋም በራሷ እምነት ታመስግን፤ መምጣትም መቅረትም በፈቃድ ይሁን። በዚያ ቀን አንድ ሥራ ብቻ እንሥራ፤ በዓመቱ ውስጥ የወለዱትን፣ የታመሙትንና ከስብሰባ የቀሩትን በስም እየጠራን ማን ማንን እንደምትጠይቅ እንመድብ። ይህ በገቢና ወጪ መዝገብ ላይ አይገባም፤ መዝገቡን ያቆመው ግን እሱ ነው።