የኅብለ ሰረሰር ጉዳትና የሌሊቱ ሰዓት

ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው ጭነት በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከተማይቱን የሚያገኛት በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው አጠቃላይ ሆስፒታል በአንዲት ሯጭ ስም ይጠራል። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ድርብ ድል በማግኘቷ ሆስፒታሉ «ጥሩነሽ ቤጂንግ» ተባለ። የመኪና አደጋና ከከፍታ ላይ መውደቅ በአገራችን ለኅብለ ሰረሰር ጉዳት ዋነኞቹ ምክንያቶች ስለ ሆኑ፣ በእንዲህ ያለ የከተማ በር ላይ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ የዚህ ጉዳት ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ታሪኩን ለመጀመር የሚመቸው ደግሞ ከሌላ ሯጭ ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ውድድሩ የተጀመረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲሆን የተፈጸመው በችቦ ብርሃን ነው። አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ዘንድ ሲደርስ ጨልሞ ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው በሮም ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካለ ጉዳተኞች ውድድራቸውን ጀመሩ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ይኸው ነው። የውድድሩ አባት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ይባላሉ። የሯጩና የሐኪሙ መንገድ የተገናኘው ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ነበር።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሸኖ አካባቢ፣ አበበ ይነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። ከመኪናይቱ ውስጥ ያወጡት በማግሥቱ ጠዋት ነው። በክብር ዘበኛ ሆስፒታል የመጀመሪያው እርዳታ ተደርጎለት፣ መጋቢት 20 ቀን ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ።

ስቶክ ማንዴቪል የዶክተር ጉትማን ሥራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኅብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። የሚገድለውም የመኝታ ቁስልና ከሽንት ፊኛ ወደ ኩላሊት የሚወጣው መመረዝ ነበር እንጂ የአከርካሪው ስብራት ራሱ አልነበረም። ከናዚ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1939 የተሰደዱት አይሁዳዊው የነርቭ ሐኪም ጉትማን፣ በጥር ወር 1936 ዓ.ም. የኅብለ ሰረሰር ሕሙማንን ክፍል ሲከፍቱ ያወጡት ዋና ደንብ በቃል ሲነገር እጅግ ቀላል ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን የሰው ጉልበት ይጨርሳል። ሕመምተኛው በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ጎኑን ይለውጣል፤ ሽንቱም በንጽሕና ይጠበቃል። ቀስቱ፣ የጠረጴዛ ቴኒሱና ተሽከርካሪው ወንበር የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጋዜጦች ፎቶግራፍ ያነሡት ቀስቱን ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሽተኛ የሚያገላብጡትን ነርሶችና ረዳቶች ፎቶግራፍ የሚያነሣ አልተገኘም፤ ነገር ግን ሰዎቹን በሕይወት ያቆዩት እነርሱ ናቸው።

አበበ በዚያ ስምንት ወር ቆየ። ሲደርስ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1970 በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1971 በእንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄዶ ሳለ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ ከ16 ተወዳዳሪዎች ጋር ተሰልፎ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በበረዶ አገር፣ በበረዶ ላይ! ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ በፈሰሰ ደም ምክንያት ዐረፈ።

ስለ እርሱ የተጻፈው ሁሉ የቀኑን ሥራ፣ ማለት ልምምዱንና ድሉን ይዘረዝራል። የሕክምናው ዕውቀት ቆይቶ የደረሰበት ነገር ግን በሌሊቱ ውስጥ ነበር።

ኢትዮጵያዊ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙ ስለማይበልጥ ቁጥሩ ዓመቱን በሙሉ አያሳስትም። በስቶክ ማንዴቪል ኬክሮስ ግን የሰኔ ቀን ከ16 ሰዓት በላይ ሲረዝም፣ የታኅሣሥ ቀን 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የሰው አካል ራሱ ይህን የመሰለ የቀንና የሌሊት ቆጠራ እንዳለው፣ የቆጣሪውም ቦታ በአንጎል ሥር፣ የዓይን ነርቮች ከሚተላለፉበት በላይ ባለች ጥቂት ሕዋሳት ውስጥ መሆኑ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርምር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ አበበ ከስቶክ ማንዴቪል ከወጣ በኋላ ማለት ነው። ሌሊት መሆኑን ለአካል የሚያበሥረው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ግን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በአሜሪካ በአሮን ለርነር ተለይቶ ነበር።

እዚህ ላይ አስገራሚው የሰውነት አሠራር ይመጣል። ሜላቶኒንን የሚያመነጨው ፓይኒያል ዕጢ ያለው አንጎል ውስጥ ነው፤ ቆጣሪውም አንጎል ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የነርቭ መንገድ ግን ቀጥታ አይሄድም። ከአንጎል ወርዶ በአንገት ኅብለ ሰረሰር በኩል እስከ ደረት የላይኛው ክፍል ይደርሳል፤ ከዚያ ወጥቶ በአንገት ላይ ባለ የነርቭ ጓል አማካይነት እንደገና ወደ ራስ ይመለሳል። እንግዲህ አንገቱ ላይ ኅብለ ሰረሰሩ ፈጽሞ የተቆረጠ ሰው፣ አንጎሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሌሊቱ መልእክት ይቀርበታል። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ የሜላቶኒን የቀንና የሌሊት ዙር መናጋቱን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሜላቶኒኑ ሲጠፋ የኮርቲሶል ዙር እንዳልተለወጠ አረጋገጠ። ደወሉ አለ፣ ደዋዩም አለ፤ የተቆረጠው ገመዱ ነው። ጉዳቱ ከደረት መካከል በታች በሆነ ጊዜ ግን ይህ መንገድ ይተርፋል። ስለዚህ የጉዳቱ ከፍታ ሲመዘገብ የእጅና የእግር ነገር ብቻ ሳይሆን የእንቅልፍም ነገር አብሮ ይመዘገባል።

በአንገት የተጎዳ ሰው የደም ግፊቱ እንደ ሌላው ሰው ሌሊት ዝቅ አይልም። የሰውነቱ ሙቀትም የክፍሉን አየር ይከተላል። ቀን በወንበር ላይ ሲቀመጥ በእግሩ የተጠራቀመው ፈሳሽ ማታ ሲተኛ ወደ ኩላሊት ስለሚሄድ ሽንቱ በሌሊት ይበዛል። እነዚህን ሁሉ ለየብቻ «የሕመምተኛው ቅሬታ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነበር፤ ምንጫቸው ግን ያው ከአንገት በታች የተቋረጠው መስመር ነው። በእንክብል መልክ የሚሰጠው ሜላቶኒን በተደረጉት ሙከራዎች ያስገኘው ጥቅም መጠነኛ ነው።

አስቸጋሪው ነገር የጉትማን ደንብና ይህ አዲሱ ዕውቀት በአንድ አልጋ ላይ መገናኘታቸው ነው። በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጥ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይቀሰቀሳል። ካልተገላበጠ ይቆስላል፤ ከተገላበጠ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ ያውም የሌሊት ሆርሞኑ ቀድሞ የጠፋበት ሰው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ወፍራምና ጥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኙ አረጋውያን በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ ቢገላበጡም ቁስሉ እንዳልበዛባቸው አሳይቷል። ነገር ግን ጥናቱ የተደረገው በአረጋውያን ላይ ነው፤ ስሜቱ ለጠፋ ሰው ማስረጃ አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው። ስለዚህ ደንቡ ጸንቶ ይቆያል፤ ሊለወጥ የሚችለው አፈጻጸሙ ነው።

በአገራችን ክፍሎች የሌሊት ተረኛው ነርስ ብዙ አልጋ ስለሚጠብቅ፣ የማገላበጡ ሥራ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ በሚያድረው አስታማሚ ላይ ይወድቃል፤ ወንድም፣ እናት፣ አንዳንዴም ጎረቤት። ብርቱ መብራት የሰውን ሜላቶኒን እንደሚያጠፋ እ.ኤ.አ. በ1980 ታውቋል። ከደረት መካከል በታች የተጎዱት ሕሙማን ይህ ሆርሞን ስላላቸው፣ ከሌሊቱ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሰዓት ላይ የጣሪያውን መብራት ከማብራት ይልቅ በትንሽ የእጅ ባትሪ ማገላበጥ ይበቃል። ሆርሞኑ የሌላቸውም ቢሆኑ ዓይናቸው የቀኑን ብርሃን ለቆጣሪው ያደርሳል፤ ጠዋት አልጋው ወደ መስኮት ቢጠጋ ወጪ የለውም። ይህ ለአስታማሚው የሚነገረው በመጀመሪያው ማታ፣ ከማገላበጡ ሥልጠና ጋር ነው።